የኦክቶበር ሰንጠረዥ፦ የኤንኤችኤል ቡድኖችን አጀማመር እንዴት እናንብብ?

በ2018-19 የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ላይ ሆኪ ሊግ) የውድድር ዘመን፣ ኖቬምበር 27 ሌሊት ላይ ሰንጠረዡን የከፈተ ሰው ከ31ዱ ቡድኖች አናት ላይ ያገኘው ቡፋሎ ሴበርስን ነበር፤ 25 ጨዋታ፣ 36 ነጥብ፣ 10 ተከታታይ ድል። ከዚያ 8 ቀን ቀደም ብሎ ሴንት ሉዊስ ብሉስ አሰልጣኙን ማይክ ዮን አሰናብቷል። ስንብቱም ቶሎ አልፈየደም፤ ጃንዋሪ 3 ቀን 2019 ጠዋት ብሉስ በ37 ጨዋታ 34 ነጥብ ይዞ የሊጉ ጭራ ነበር። ጁን 12 ቀን ቦስተንን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ የሊጉን ሻምፒዮን የሚለየውን የስታንሊ ዋንጫ ያነሳው ይኸው ብሉስ ነው። ቡፋሎ በቀሩት 57 ጨዋታዎች 40 ነጥብ ብቻ ጨምሮ በ76 ጨረሰ፤ ለዋንጫው ወደሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ ወደ ፕሌይ ኦፍ እንኳ አልገባም።

ይህ ሊግ የሚጀመረው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኤንኤችኤል ጉድ ግን ጥቅምትንም ሙሉ ሲሰማ ይከርማል። በዴንቨር፣ በሚኒያፖሊስ-ሴንት ፖል፣ በሲያትል፣ በላስ ቬጋስ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቶሮንቶ፣ በካልጋሪና በኤድመንተን ያለው ሀበሻ እንኳን ቡድኑ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ የሚከታተል ደግሞ በምሥራቅ አሜሪካ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመረውን የኦክቶበር ጨዋታ የሚያየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እንቅልፉን ትቶ ለሚያይ ሰው የቱን ቁጥር ማመን፣ የቱን ማለፍ እንዳለበት ማወቅ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ጨዋታዎች ነጥብ ስለ ቡድኑ አቅም የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ብዙ የሚናገረው ነጥቡ የተገኘበት መንገድ ነው።

ሰንጠረዡ ራሱ

የእግር ኳስ ሰንጠረዥ የለመደ ዓይን እዚህ ይሳሳታል። 8-3-2 ተብሎ ሲጻፍ መሃሉ አቻ አይደለም። 8 ድል፣ በመደበኛው 60 ደቂቃ 3 ሽንፈት፣ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ደግሞ 2 ሽንፈት ማለት ነው። አቻ የሚባል ውጤት ከ2005-06 ጀምሮ ቀርቷል። ድል በየትኛውም መንገድ ቢመጣ 2 ነጥብ ነው። በ60 ደቂቃ የተሸነፈ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የተሸነፈ 1 ነጥብ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ጨዋታ ለሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 2 ነጥብ ሲያከፋፍል ሌላው 3 ያከፋፍላል።

ይህች ትርፍ ነጥብ ሂሳቡን ታዛባለች። በ82 ጨዋታ የሊጉ መካከለኛ ቡድን የሚጨርሰው በ91 ወይም 92 ነጥብ አካባቢ ነው። 10-8-4 ያለውን ቡድን ውሰዱ። ሲታይ ድሉ ከሽንፈቱ በልጧል፤ ደጋፊውም “ከግማሽ በላይ ነን” ይላል። ነገር ግን 22 ጊዜ ተጫውቶ 12 ጊዜ ተሸንፏል፤ ከ44 ነጥብ 24 አግኝቷል፣ ማለትም 54.5 በመቶ። የሊጉ አማካይ ከ55 በመቶ በላይ ስለሆነ ይህ ቡድን ከአማካይ በታች ነው።

ሌላው የኦክቶበር ወጥመድ የጨዋታ ቁጥር አለመመጣጠን ነው። አንዱ 10 ሲጫወት ሌላው 7 ላይ ይሆናል። 14 ነጥብ በ10 ጨዋታ 70 በመቶ ነው፤ 11 ነጥብ በ7 ጨዋታ ደግሞ 78.6 በመቶ። በነጥብ ብዛት የተደረደረው ሰንጠረዥ የመጀመሪያውን ከላይ ያስቀምጠዋል። እስከ ዲሴምበር ድረስ ሰንጠረዡን በነጥብ መቶኛ ደርድሮ ማየት ይሻላል፤ የሊጉም ድረ ገጽ ያንን ዓምድ ይሰጣል። ፕሌይ ኦፍ የሚገቡት 16 ናቸው፦ ከአራቱ ምድቦች ሦስት ሦስት፣ ከዚያም ከምሥራቅና ከምዕራብ ሁለት ሁለት ተጨማሪ። ከ2026-27 ጀምሮ ጨዋታው ከ82 ወደ 84 ከፍ እንዲል ስምምነት ላይ ተደርሷል፤ የዝግጅት ጨዋታውም ወደ 4 ይቀንሳል። እዚህ ያሉት ስሌቶች ግን በ82ቱ የተሠሩ ናቸው።

ዕድል ምን ያህል ነው?

ሳንቲም 10 ጊዜ ቢወረወር አንበሳው 7 ጊዜና ከዚያ በላይ የመውጣቱ ዕድል 17 በመቶ ገደማ ነው። 32ቱም ቡድኖች በአቅም ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ ከ10 ጨዋታ በኋላ 5 ወይም 6 ያህሉ 7 እና ከዚያ በላይ አሸንፈው “አዲስ መንፈስ ገብቷቸዋል” ሲባልላቸው እንሰማለን፤ ሌሎች 5 ወይም 6 ደግሞ አሰልጣኛቸው ይባረር ሲባል። እውነተኛው ሊግ እኩል አይደለም፣ ልዩነቱ ግን ሰው እንደሚያስበው ሰፊም አይደለም።

የዕድሉን መጠን ለመገመት ቀላሉ መሣሪያ ፒዲኦ ነው። ሁለቱም ቡድኖች አምስት ለአምስት ሆነው (በረኞቹ ሳይቆጠሩ) በሚጫወቱበት ሰዓት፣ ቡድኑ ወደ ጎል ከመታው ውስጥ ያስቆጠረውን መቶኛና የራሱ በረኛ ያዳነውን መቶኛ ትደምራላችሁ። በዘመኑ አማካይ 8.5 በመቶ ያህሉ ይቆጠራል፣ 91.5 በመቶ ያህሉ ይድናል፤ ድምሩ 100 ነው። ለአንዱ ቡድን የተቆጠረው በሌላው በረኛ ላይ ስለሚመዘገብ የሊጉ ድምር ሁልጊዜ 100 ይሆናል።

አሁን ቁጥር እናስገባ። አንድ ቡድን በአምስት ለአምስት በጨዋታ ወደ 22 ጊዜ ጎል ላይ ይመታል ብንል በ10 ጨዋታ 220 ይሆናል። ትክክለኛ አቅሙ 8.5 በመቶ የሆነ ቡድን በ220 ምት ላይ በአጋጣሚ ብቻ 2 የመቶኛ ነጥብ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዋዠቁ የተለመደ ነው። 4 ጎል ማለት ነው። በረኛውም በኩል እንዲሁ 4 ጎል። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ሲገጥሙ 8 ጎል በ10 ጨዋታ ይመጣል ወይም ይሄዳል፤ ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ጎል በሚለይበት ሊግ ይህ ሦስትና አራት ውጤት ለመገልበጥ ይበቃል። ስለዚህ ከ10 ጨዋታ በኋላ ፒዲኦ 97 ወይም 103 ቢሆን ማንም ሊደነቅ አይገባም። በኤፕሪል ግን አብዛኞቹ ቡድኖች በ98 እና በ102 መካከል ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ።

የቡፋሎን 10 ድሎች በዚህ ዓይን እንያቸው። ከ10ሩ 7ቱ የተገኙት ከ60 ደቂቃ በኋላ ነው፤ አራቱ በተጨማሪ ሰዓት፣ ሦስቱ በመለያ ምት። 9ኙ በአንድ ጎል ልዩነት የተጠናቀቁ ናቸው፤ ሰፋ ያለው ፊላደልፊያ ላይ የተገኘው 5 ለ 2 ብቻ ነበር። ተጨማሪ ሰዓት ከ2015-16 ወዲህ ሦስት ለሦስት ነው፤ አንድ የተሳሳተ ቅብብል ወዲያው በሌላኛው ጎል በኩል ሁለት ለአንድ ይሆናል። መለያ ምት ደግሞ ከዚያም የባሰ ዕጣ ነው። እነዚህን ድሎች የሚያመጣው ችሎታ በፕሌይ ኦፍ ጭራሽ አይሠራም፣ እዚያ ተጨማሪው ሰዓት አምስት ለአምስት ስለሆነ። በነገራችን ላይ 10 ተከታታይ አሸንፎ ከፕሌይ ኦፍ የቀረው ቡፋሎ ብቻ አይደለም፤ በ2016-17 ፊላደልፊያ ፍላየርስ ይህንኑ ቀምሷል።

ፒዲኦም ቢሆን ጭፍን መሆን የለበትም። 103 የሆነ ቡድን ይወድቃል ማለት ሳይሆን 103 ሆኖ አይዘልቅም ማለት ነው። ደግሞም አንዳንዴ ዕድል ዘመኑን ሙሉ አብሮ ይዘልቃል። ኮሎራዶ አቫላንሽ በ2013-14 በፓትሪክ ሯ አሰልጣኝነት 12-1 ጀመረ፤ በምት ድርሻ በተጋጣሚዎቹ እየተበለጠ በሴሚዮን ቫርላሞቭ እጅ ተደግፎ በ112 ነጥብ ጨረሰ። ቁጥር አጥኚዎቹ ዓመቱን ሙሉ “ይወድቃል” ሲሉ ሲሳቅባቸው ከረመ። በቀጣዩ ዘመን 90 ነጥብ፣ የምድቡ ጭራ።

ታዲያ ምን እንመን?

ከጎል ቀድሞ የሚረጋው ቁጥር የሙከራ ድርሻ ነው። በአምስት ለአምስት የተሞከረው ሁሉ (የተመታው፣ የሳተው፣ በተከላካይ የታገደው) ከሁለቱም ወገን ሲደመር በጨዋታ ከ80 በላይ ይሆናል፤ በ10 ጨዋታ 850 ያህል ክስተት አለን ማለት ነው። በዚህ ብዛት ላይ የአጋጣሚው መዋዠቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 የመቶኛ ነጥብ አይበልጥም። ስለዚህ 55 በመቶ ሙከራ የራሱ የሆነ ቡድን በ10 ጨዋታም ቢሆን በእርግጥ ፓኩን (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ይዞ የሚጫወት ቡድን ነው። ጎል በጨዋታ 6 ብቻ ነው፤ ሙከራ ግን ሞልቷል፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሙከራ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ከጎኑ የሚጠበቅ ጎልን ማየት ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር እያንዳንዱን ምት ከየት እንደተመታ፣ በምን ዓይነት ምት፣ የተመለሰ ፓክ ነው ወይስ አዲስ ጥቃት፣ ብሎ መዝኖ የመቆጠር ዕድሉን ይሰጣል። ከጎሉ ርቆ ከሚገኘው ሰማያዊ መስመር አጠገብ በተከላካይ የተለቀቀች ምት 2 ወይም 3 በመቶ፣ በረኛው አፍንጫ ሥር የተገፋች ደግሞ ብዙ እጥፍ ናት። ከ10 እስከ 15 ጨዋታ በኋላ የሚጠበቅ ጎል ድርሻው 53 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቡድን ሰንጠረዡ ምንም ቢል ደህና ነው። 47 እና ከዚያ በታች የሆነ ደግሞ ሁሉንም ቢያሸንፍ እንኳ ሊያሳስበው ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። እየመራ ያለ ቡድን ያፈገፍጋል፤ ፓኩን ወደ ፊት አውጥቶ ተጫዋቾቹን ይለውጣል፣ ተጋጣሚው ደግሞ ካገኘበት ሁሉ ይመታል። በዚህ የተነሳ በመጀመሪያው 20 ደቂቃ 3 ለ 0 የመራ ጠንካራ ቡድን ጨዋታው ሲያልቅ በሙከራ ተበልጦ ይገኛል። ጥሩ አጀማመር ያለው ቡድን ብዙ ሰዓት ስለሚመራ ያልተስተካከለው ቁጥር ሁልጊዜ ይጎዳዋል። ናቹራል ስታት ትሪክ በሚባለው ድረ ገጽ የቡድኖችን ገጽ ስትከፍቱ ከሁኔታዎች ዝርዝር ውስጥ አምስት ለአምስት በውጤትና በሜዳ የተስተካከለውን ምረጡ። መኒፓክም የሚጠበቅ ጎልን በግልጽ ያሳያል። ሁለቱ ድረ ገጾች በቀመር ስለሚለያዩ አንዱ 51 ሲል ሌላው 49 ቢል አትደናገጡ፤ ትርጉሙ መካከለኛ ቡድን ነው።

በረኛው

ከሁሉም ቁጥር በላይ የጅማሬውን ውጤት የሚወስነው የበረኛ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚዋሸውም ይኸው ነው። አንድ በረኛ በ10 ጨዋታ ወደ 280 ምት ያስተናግዳል። እውነተኛ አቅሙ 90.5 በመቶ የሆነ ሰው በ280 ምት ውስጥ 88.7 ወይም 92.3 ሆኖ መታየቱ ምንም አያስገርምም። 88.7 ላይ ደጋፊው “አውጡልን” ይላል፤ 92.3 ላይ የዘመኑ ምርጥ በረኛ ለሚወስደው የቬዚና ሽልማት ያጨዋል። ሰውየው ያው ነው።

ኤድመንተን ኦይለርስን በ2023-24 ማየት ይበቃል። ኦክቶበር 11 ቫንኩቨር 8 ለ 1 አሸነፈው። ኮከቡ ኮነር ማክዴቪድ ተጎድቶ ሁለት ጨዋታ አመለጠው። በረኛው ጃክ ካምቤል በ5 ጨዋታ 87.3 በመቶ ብቻ አድኖ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። ኖቬምበር 9 ደግሞ እስከዚያ ድረስ አንድ ጨዋታ ብቻ ባሸነፈው ሳን ሆዜ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ 3-9-1 ላይ፣ አሰልጣኙ ጄይ ዉድክሮፍት ተሰናበተ። ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት የኦይለርስ የሚጠበቅ ጎል ድርሻ ከሊጉ ጥሩዎቹ መካከል ነበር። የጎደለው በሁለቱም ጫፍ የሚያልቀው ነገር ነው፤ ፊት ላይ ፓኩ አልገባም፣ ኋላ ላይ የተመታው ሁሉ ገባ።

ከዚያ በኋላ በክሪስ ኖብላክ ሥር 46-18-5፤ በመሃሉም 16 ተከታታይ ድል፣ ፒትስበርግ በ1993 ካስመዘገበው ክብረ ወሰን በአንድ ያነሰ። እስከ ፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ደርሶ በፍሎሪዳ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ኖብላክ ጎበዝ አሰልጣኝ መሆኑ አያከራክርም። ግን ኖቬምበር 12 ላይ ማንም ቢቀጠር ያ ቡድን ይነሳ ነበር የሚል እምነት አለኝ።

ከዚያው ዘመን ለንጽጽር የሚሆነው ሳን ሆዜ ሻርክስ ነው። 0-10-1 ጀመረ፤ ኖቬምበር 2 በቫንኩቨር 10 ለ 1፣ ኖቬምበር 4 በፒትስበርግ 10 ለ 2። የመጀመሪያ ድሉ ኖቬምበር 7 ፊላደልፊያ ላይ መጣ። ይህ በዕድል የሚሳበብ አልነበረም። ቲሞ ማየር በፌብሩዋሪ፣ በፊተኛው ዘመን 101 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) ያስመዘገበው ተከላካይ ኤሪክ ካርልሰን በኦገስት ተሸጠው ሄደዋል፤ ቡድኑ በምትም፣ በሚጠበቅ ጎልም፣ በሁሉም ተበልጦ ነበር። 47 ነጥብ ይዞ የሊጉ መጨረሻ ሆነ። ሁለቱም መጥፎ ጀመሩ፤ ሰንጠረዡ ላይ ኖቬምበር 9 ጎን ለጎን ነበሩ። የለያቸው የሙከራ ድርሻ ነው።

በረኛ ሲወርድ ምክንያቱን መፈለግም አለ። የቦስተኑ ጄረሚ ስዌይማን በ2024 የኮንትራት ክርክር ላይ ሆኖ የዝግጅቱን ጊዜ ሙሉ አመለጠው፤ የፈረመው ኦክቶበር 6፣ ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሊያደርግ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በፊተኛው ዘመን 91.6 በመቶ ያዳነ ሰው ያንን ዘመን በ89.2 ጨረሰ። የአንድ በረኛ ዝግጅት እግርና ዓይን ነው፤ ከረጅም ዕረፍት በኋላ በጎሉ ጠርዝ ላይ የመንሸራተት ርቀቱ፣ ፓኩን በተጫዋቾች መካከል የማየት ልማዱ ሁሉ ይዝጋል። እንዲህ ያለ ምክንያት ሲኖር “ይስተካከላል” ብሎ መጠበቅ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በተቃራኒው ዊኒፔግ ጄትስ በዚያው ዘመን 15-1 ሲጀምር በጎሉ የቆመው በፊተኛው ዓመት ቬዚናን የወሰደው ኮነር ሄልባክ ስለነበር የማዳን መጠኑን ማመን ይቻል ነበር። ጄትስ በ116 ነጥብ ሊጉን መራ፤ ሄልባክ ለሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃርት ሽልማት ጨምሮ ወሰደ።

የዚያው የጄትስ አጀማመር አንድ ነገሩ ግን ሊቆይ አይችልም ነበር፦ ፓወር ፕሌዩ፣ ማለትም ተጋጣሚው ተቀጥቶ በሰው ሲያንስ የሚደረገው ጥቃት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ40 በመቶ በላይ ያስቆጥር ነበር፤ ዘመኑን የጨረሰው በ28.9 በመቶ ነው፣ ያውም ከሊጉ አንደኛ ሆኖ። በጨዋታ 3 ያህል ዕድል ስላለ በ10 ጨዋታ 30 ብቻ ነው የሚገኘው፤ 21 በመቶ የሆነ አማካይ ቡድን በ30 ሙከራ 14 ወይም 28 በመቶ ቢያሳይ ከአጋጣሚ አያልፍም። ስለ ኦክቶበር ፓወር ፕሌይ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ፕሮግራም

የሁለት ቡድኖችን አጀማመር ከማወዳደራችሁ በፊት ከማን ጋር፣ የት፣ በስንት ቀን ዕረፍት እንደተጫወቱ እዩ። በሜዳው የሚጫወት አሰልጣኝ ተጫዋች የመቀየሩን የመጨረሻ ዕድል ስለሚያገኝ ጥሩ ተከላካዮቹን በተጋጣሚው ኮከብ ላይ መርጦ ያወጣል። ሁለት ቀን ተከታትሎ መጫወት ሲኖር በሁለተኛው ምሽት አብዛኛውን ጊዜ ጎል ላይ የሚቆመው ተለዋጩ በረኛ ነው፤ እግርም ይከብዳል። 10 ጨዋታ ውስጥ ሦስት እንዲህ ያለ ምሽት ያለበት ቡድንና አንድም የሌለበት ቡድን በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። አውሮፓ ሄደው የሚጀምሩም አሉ፤ በ2024 ኒው ጀርሲና ቡፋሎ ኦክቶበር 4 እና 5 ፕራግ ላይ ተጫውተው ሲመለሱ ሌላው ገና አልጀመረም።

አሰላለፉም ገና አልረጋም። 18 እና 19 ዓመት የሆነው አዲስ ተጫዋች 10ኛ ጨዋታውን ካደረገ የመጀመሪያ ኮንትራቱ አንድ ዓመት እንደተቆጠረ ይሆናል፤ ስለዚህ ቡድኖች 9 ጨዋታ ድረስ ሞክረው ወደ ወጣቶች ሊግ የሚመልሱት ብዙ ነው። በኦክቶበር የምታዩት ሦስተኛ መስመር (አብረው የሚገቡት ሦስት አጥቂዎች) በኖቬምበር ላይኖር ይችላል። ዳኞችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊሽካ ይቀናቸዋል፤ ቅጣቱ ይበዛል፣ ፓወር ፕሌዩ ጥሩ የሆነው ይጠቀማል፣ እየቆየ ሲሄድ ጥቅሙ ይሳሳል።

አሰልጣኝ ማባረር

ኒው ጀርሲ ዴቭልስ በ2022-23 የመጀመሪያ ሁለት ጨዋታዎቹን ሲሸነፍ ደጋፊው ሜዳ ውስጥ ሊንዲ ረፍ ይባረር እያለ ጮኸ። ቡድኑ ብዙም ሳይቆይ 13 ተከታታይ አሸነፈ፤ ያው ደጋፊ “ሊንዲ ይቅርታ” እያለ ዘመረ፤ ዴቭልስ በ112 ነጥብ ጨረሰ። ሁለት ጨዋታ! ሌላው ቢቀር እስኪ አሥር ይሙላ።

በኖቬምበር አሰልጣኝ የቀየረ ቡድን ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፤ ምክንያቱም የሚባረረው ቡድኑ ከአቅሙ በታች በወደቀበት ሰዓት ነው፣ ከዚያ ያለው መንገድ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ “ቀየሩና ተነሡ” ብሎ ብቻ መደምደም አይቻልም። ጂም ሞንትጎመሪ በ2022-23 ቦስተንን 65-12-5 በሆነ፣ 135 ነጥብ ባለው የሊጉ ክብረ ወሰን የመራ ሰው ነው። ኖቬምበር 19 ቀን 2024 በ8-9-3 ላይ ተባረረ። ኖቬምበር 24 ሴንት ሉዊስ ቀጠረው። ብሉስ 9-12-1 ላይ ነበር፤ ከእርሱ ጋር 35-18-7 ሆነ፣ 12 ተከታታይ ድልም አገኘ። ቦስተን ደግሞ አሰልጣኝ ቀይሮም በ76 ነጥብ የምድቡ ጭራ ሆነ። ችግሩ በረኛው ላይና በአሰላለፉ ውስጥ ሲሆን ሰሌዳው ላይ የሚቆመውን ሰው መለወጥ ብዙ አይፈይድም።

ስንት ነጥብ ይጠበቃል?

ለግምት የሚሆን ቀላል ስሌት አለ። የቡድኑን ነጥብ ወስዳችሁ 35 ጨዋታ ያህል የአማካይ ቡድን ውጤት ትጨምሩበታላችሁ። 35 የሚለው ዝም ብሎ አልመጣም፤ በኤንኤችኤል ችሎታና አጋጣሚ እኩል ክብደት የሚኖራቸው ወደዚያ ገደማ ሲደረስ ነው። አማካይ ቡድን በጨዋታ 1.12 ነጥብ ያገኛል እንበል፤ 35 ጨዋታ 39.2 ይሆናል። 8-2-0 የጀመረ ቡድን 16 ነጥብ አለው፤ 16 ሲደመር 39.2፣ ለ45 ሲካፈል 1.23። በቀሩት 72 ጨዋታዎች 88፣ ከ16ቱ ጋር 104። በ2-7-1 የጀመረው 5 ነጥብ አለው፤ በተመሳሳይ ስሌት በ76 አካባቢ ይጨርሳል። ስሌቱ ጭፍን ነው፤ ቡድኑ ከዘመኑ በፊት ጠንካራ እንደሆነ ከታወቀ በ1.12 ፈንታ 1.22 አስገቡበት። የሚጠበቅ ጎል ድርሻው ከ53 በላይ ከሆነም እንዲሁ።

በአሜሪካ የሚወራ ሌላ መለኪያ አለ፦ ታንክስጊቪንግ፣ የምስጋና በዓላቸው። በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ የፕሌይ ኦፍ ቦታ ላይ ካሉት 16 ቡድኖች ሦስት አራተኛው ያህል በኤፕሪልም እዚያው ይገኛሉ። ደጋፊ ይህን ሲሰማ እንደ ሕግ ይይዘዋል። ወደ 12 ይቀራሉ፣ ወደ 4 ይወጣሉ ማለት ነው፤ በየዓመቱ አራት ቦታ መለወጡ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሦስት ነጥብ ጨዋታ ስላለ ከፊት ያለውን መድረስ አድካሚ ነው። ከ20 ጨዋታ በኋላ በ6 ነጥብ የሚመራችሁ ቡድን በ95 ነጥብ ፍጥነት ከሄደ፣ እሱን ለመድረስ ብቻ በቀሩት 62 ጨዋታዎች በ103 ነጥብ ፍጥነት መሄድ አለባችሁ። በመሃል ደግሞ ሌሎች ቡድኖች አሉ፤ እርስ በርስ ሲጫወቱ አንዳንዴ ተሸናፊውም 1 ነጥብ ይዞ ይወጣል። ኦይለርስ ከ3-9-1 ተነሥቶ 95 ለመድረስ በ69 ጨዋታ 88 ነጥብ ያስፈልገው ነበር፤ እሱ 97 ሰበሰበ። ማክዴቪድ የሌለው ቡድን ይህን ባይቆጥርበት ይሻላል።

የኦክቶበር ነጥብ ስለ አቅም ብዙ ባይናገርም ከሂሳብ አይሠረዝም፤ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። በ2024-25 በምዕራብ የመጨረሻው ቦታ የሄደው በ96 ነጥብ ነው። ሴንት ሉዊስ 96፣ ካልጋሪ ፍሌምስም 96። ካልጋሪ 14 ጊዜ በተጨማሪ ሰዓትና በመለያ ምት ተሸንፎ 14 ነጥብ ለቅሟል፤ እኩል ሲሆኑ ግን የሚታየው በ60 ደቂቃ የተገኘው ድል ብዛት ነው፣ በዚያም ብሉስ ይበልጣል። ካልጋሪ የዚያን ዘመን የመጀመሪያ ጨዋታውን ኦክቶበር 9 ቫንኩቨር ላይ 6 ለ 5 ያሸነፈው በተጨማሪ ሰዓት ነበር፤ ሁለቱ ነጥብ ተመዘገበለት፣ የ60 ደቂቃው ዓምድ ግን ባዶ ሆኖ ቀረ።